ሰባ ሁለት ደረጃና አንድ ራጅ

ጉልበቷ ቀጭ ያለው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ከጠዋት ሩጫዋ ተመልሳ፣ ላቧ ሳይደርቅ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወጣ ከቀኝ ጉልበቷ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ወጣ። አላመማትም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቅንጣት ታህል አላመማትም። ግን ባለችበት ቆመች፣ የደረጃውን ብረት ጨበጠች፣ ክው አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን "ኤዲያ!" ብሎ ያልፈው ነበር። እሷ ግን ራጅ አንሺ ናት። በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አጥንት ስታይ ኖራለች። የሰው ስም ትረሳለች፣ አጥንቱን ግን አትረሳም። ያለቀ ጉልበት ምን እንደሚመስል ደግሞ ከሁሉም አብልጣ ታውቃለች። በላይኛውና በታችኛው አጥንት መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት ይጠፋል፣ አጥንት አጥንት ላይ ይቀመጣል፣ ዳር ዳሩ እሾህ የመሰለ ትርፍ አጥንት ያበቅላል። ይህን ሥዕል ሥራ ቦታ በየቀኑ ታየዋለች። ቤቷ ስትገባም ይጠብቃታል፤ የእናቷ ጉልበት እንደዚያ ነውና።

እናቷ ከአራተኛ ፎቅ በእግሯ ከወረደች ስድስት ዓመት አልፏል። ሕንፃው ሊፍት አለው፤ ማለቴ የሊፍት በር አለው። "በጥገና ላይ" የሚለው ወረቀት ራሱ አርጅቶ ሁለት ጊዜ በአዲስ ተቀይሯል፣ ሊፍቱ ግን ወይ ፍንክች። ስለዚህ በየወሩ፣ ለእናቷ የልብ ሐኪም ቀጠሮ፣ ልጅ እናቷን አዝላ ሰባ ሁለት ደረጃ ትወርዳለች፣ አዝላ ሰባ ሁለቱን ትወጣለች። እናቲቱ ቀጭን ናት። አንድ እጇን በልጇ አንገት ጠምጥማ፣ በሌላው ራጇና የሐኪም ወረቀቷ ያለበትን ትልቁን ቡናማ ፖስታ ይዛ፣ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ አንድ ቀልድ ሳትጥል አትወርድም። "ያዘልኩሽን እየመለስሽልኝ ነው" ትላለች፤ "ግን እኔ አንቺን ሳዝል እንዲህ አላቃሰትኩም።"

የዚህ ቤት ነገር እንግዲህ በሁለት ጉልበት ላይ የቆመ ነው። ወንድም የለ፣ እህት የለ፣ ባል የለ። እሷ ከተቀመጠች ሁለቱም ተቀመጡ ማለት ነው። ያን ድምፅ ሰምታ ደርቃ የቀረችው ለዚህ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሮጣለች፤ በሳምንት አራት ጠዋት፣ አርባ ደቂቃ ያህል፣ በልክ። የውድድር ሐሳብ የላትም፤ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ከመግባቷ በፊት ሰማይ ልይ ብላ ነው። የሕንፃው ጥበቃ፣ ነዋሪው ሁሉ "አባባ" የሚላቸው ሽማግሌ፣ በሩን ሲከፍቱላት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው።

"ዛሬስ ማነው የሚያባርርሽ?"

"አለቃዬ ነው አባባ፣ ደረሰብኝ!" ትልና ትፈተለካለች።

ለእናቷ ግን ሩጫው ቀልድ ሆኖ አያውቅም። "ይሄ ሩጫ ጉልበትሽን እየበላው ነው። እኔን አይተሽ አትማሪም?" ትላታለች በየጠዋቱ። ልጅቱ ትስቃለች እንጂ አንዲት ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም፤ እናቷ መቼ ሮጣ ታውቃለች? ሴትዮዋ ዕድሜዋን የጨረሰችው በልብስ ስፌት ፋብሪካ ወንበር ላይ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመቷ ከአውቶቡስ ስትወርድ ወድቃ ጉልበቷ ተጠምዝዞ ነበር። ሳትታከም፣ እብጠቱ ሳይጎድል፣ በሦስተኛው ቀን እያነከሰች ሥራ ገባች፤ ልጅ የሚያበላላት ሌላ ሰው አልነበረማ። አጥንት ታነብባለች የተባለችው ልጅ ይህን ሁሉ እያወቀች አንድም ቀን አላገጣጠመችውም።

ድምፁን ከሰማች ወዲህ ሰላም አጣች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ በር ሲጥ ሲል፣ ሰው ጣቱን ሲያንቋቋ እጇ ወደ ጉልበቷ ይሄዳል። አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብላ ትዳስሰዋለች። ስትራመድ ቀኝ እግሯን ሙሉ በሙሉ አትዘረጋውም፤ ትንሽ አጠፍ አድርጋ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው በጥንቃቄ ነው የምትሄደው። ለማን ትንገር? ለእናቷ ብትነግር "አላልኩሽም!" ነው መልሱ። ለሐኪም ብትነግር ቁርጡን ይነግሯታል። ቁርጡን ደግሞ ፈራች።

በመጨረሻ አልቻለችም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ኮሪደሩ ጭር ሲል፣ አብራት የምትሠራውን ባልደረባዋን ክንዷን ይዛ ወደ ማሽኑ ክፍል ጎተተቻት።

"አንድ ጉልበት አንሺልኝ።"

"የማንን?"

"የኔን። የሐኪም ትእዛዝ የለውም፣ ስም እንዳታስገቢ። ቶሎ በይ ሰው ሳይመጣ።"

ባልደረባዋ አፈጠጠችባት፤ ግን የአሥራ አምስት ዓመት ጓደኝነት ነውና ወደ መስታወቱ ጀርባ ሄደች። ከዚያ ሆና "ቆይ እስቲ፣ አቋቋምሽን ልየው" አለች።

"እኔን ነው የምታስተምሪኝ? ተጫኚው!"

ተጫነችው። ወዲያው የውጪው በር ተንኳኳና ልትከፍት ሄደች። ራጅ አንሺዋ ብቻዋን ስክሪኑ ፊት ቀረች።

ክፍተቱ የለም። አጥንት አጥንት ላይ ተቀምጧል። የእናቷ ጉልበት በእሷ እግር ላይ።

ስንት ሰኮንድ አየችው? አምስት ቢሆን ነው። ጠረጴዛውን ተደገፈች። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ፊልሙን አተመችው፣ ከማሽኑ ላይ አጠፋችው፣ ነጭ ጋዋኗ ውስጥ ወሸቀችው። ባልደረባዋ ተመልሳ "እህሳ?" ስትላት "ደህና ነው" አለች፤ የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት። ፊልሙን ቤት ወስዳ ማንም በማይጠረጥርበት ቦታ ደበቀችው፤ በዚያ በቡናማው ፖስታ ውስጥ፣ በእናቷ ራጆች መካከል።

በማግስቱ የሩጫ ጫማዋን ከአልጋው ሥር ገፋችው።

"ሰማሁሽ እማ፣ ተውኩት" አለቻት።

"እሰይ! ተመስገን!" አለች እናቷ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ። ደስታዋ ስለ ጉልበት ለሚያስብ ሰው ትንሽ የበዛ ነበር፤ ልጅቱ ግን በራሷ ፍርሃት ተይዛ አላስተዋለችውም።

አባባ በበኩላቸው "የሚያባርርሽ ሰው ደከመው እንዴ?" አሏት። ለወጉ ያህል ሳቀች። አልደከመውም፤ ማባረር የጀመረው ገና አሁን ነበር።

ዘጠኝ ወር ሙሉ ያን ጉልበት እንደሚሰበር ዕቃ ያዘችው። ሥራ ላይ ከፍ ያለ ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች። ሁለት ፌርማታ የማይሞላውን መንገድ በአውቶቡስ ሄደች። ቀሚሷ ጠበበ፣ ስምንት ኪሎ ጨመረች፣ ጭኗ ግን ሳሳ። ከዚያ ያ ሲንቋቋ እንኳ ያላመማት ጉልበት ማመም ጀመረ፤ ጠዋት ስትነሳ ይገትራታል፣ ደረጃ ስትወርድ ይወጋታል። እያንዳንዱ ሕመም ለፊልሙ ይመሰክርለታል። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ትላለች ለራሷ፤ ይበልጥ ትቀመጣለች፣ ይበልጥ ያማታል። ፊልሙን ግን አንድም ጊዜ አውጥታ አላየችውም። ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ፖስታ ስታይ እንኳ ፊቷን ታዞራለች።

በዚያ መሐል አንድ የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው ጉልበታቸውን በር መቷቸው ወደ ክፍሏ መጡ። ሠላሳ ዓመት በየጠዋቱ የሚሮጡ ናቸው። ፊልሙ ሲወጣ ክፍተቱ ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ፣ የወጣት ጉልበት መሰለ። "እንዴት ሆኖ?" አለቻቸው ሳታስበው። "ልጄ፣ የበር ማጠፊያ የሚዝገው በሩ ሳይከፈት ሲቆይ ነው" ብለው ሳቁ። እሷ ግን "ዕድለኛ ናቸው" አለች በሆዷ፣ የሚቀጥለውን ሰው ጠራች። የፈራ ሰው የምሥራች ቢነግሩት ለጎረቤት የተላከ ነው የሚመስለው።

ትልቁ ፍርሃት የሚመጣው ግን የእናቷ ቀጠሮ ሲደርስ ነው። በስድስተኛው ወር፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ጭኗ ተንቀጥቅጦ እናቷን ደረጃው ላይ አስቀመጠቻት። ጎንበስ ብላ ወደ ታች ስታይ ደረጃው ገደል መሰላት። "አንድ ቀን ከነእናቴ እወድቃለሁ" አለች፤ ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባ በኋላ አልወጣም። የዳሌ ስብራት ባነሳች ቁጥር ጠረጴዛው ላይ የተኛችው እናቷ ትመስላታለች።

በሰባተኛው ወር ዋሸች። "ሐኪሙ ደውለው ነበር እማ፤ ቀጠሮሽ ለሚቀጥለው ወር ተዛውሯል።" በስምንተኛውም እንዲሁ፣ በዘጠነኛውም እንዲሁ። መድኃኒቱን በድሮው ማዘዣ እየገዛች ታመጣለች፤ እናቷ ስትተነፍስ ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች።

"እኚህ ሐኪም ምን ሆነው ነው?" አለች እናቷ። "ከኔ ብሰው ታመሙ እንዴ?"

ሰው አትጠይቅም ነበር ወይ ትሉ ይሆናል። መጠየቅ እኮ "ጉልበቴ አልቋል" ብሎ መናገር ነው! ጮክ ብላ ካለችው እውነት የሚሆን መሰላት።

አንድ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ እናቷ መስኮት ዳር ወንበሯ ላይ ሆና ቁልፍ ስትተክል፣ እሷ ደግሞ ወለል ስትጠርግ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታቸው። ቀጥሎ የአባባ ድምፅ ከታች መጣ።

"ውጡ! ኧረ ውጡ! ቆጣሪው ተያያዘ!"

በሩን ስትከፍት ጥቁር ጭስ በደረጃው እየተጥመለመለ ወደ ላይ ይወጣል። ጎረቤቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ፣ እየተገፋፉ ይወርዳሉ። በሩን መልሳ ዘግታ ዞር ስትል እናቷ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ ጨርቁን አጣጥፋ አስቀምጣዋለች።

"አንቺ ሂጂ" አለች በጣም ቀስ ብላ። "እኔ መስኮቱን ከፍቼ እቆያለሁ።"

"እማ፣ ነይ ጀርባዬ ላይ።"

"ጉልበትሽ እኮ..."

"ነይ አልኩሽ!"

እናቲቱ ለመውረድ የምታውቀው አንድ ደንብ ብቻ ነው። እጇን ዘርግታ "ፖስታዬን!" አለች። ለክርክር ጊዜ አልነበረም። ፖስታውን አቀበለቻት፣ እርጥብ ፎጣ አፍና አፍንጫዋ ላይ አሰረችላት፣ ለራሷም አሰረች፣ አዝላት ወጣች።

የመጀመሪያዎቹን አሥራ ስምንት ደረጃዎች እንዴት እንደወረደች አታስታውሰውም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ልክ ያኔ በቆመችበት ቦታ፣ ቀኝ ጉልበቷ ቀጭ አለ።

ቆመች። ጎረቤቶቹ ሁሉ ወርደዋል፤ ከሥር የሚታየው ጭስ ብቻ ነው። አሁን ይሰበራል፤ አሁን አጥንቱ ይንሸራተትና እማ በጭንቅላቷ ትወድቃለች፤ ያ ፊልም ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። አላመማትም፣ አሁንም አላመማትም፣ ግን እግሯን ማንሳት አቃታት። ጭኖቿ ከቁጥጥሯ ወጥተው ይርገፈገፋሉ።

"አውርጂኝ" አለች እናቷ ጆሮዋ ሥር። "አውርጂኝና ሩጪ። መሮጥ ታውቂ የለ?"

ይህ ቃል አንጀቷን በላው። አሥራ አንድ ዓመት የሮጠ እግር እናቷን የሚያወርድበት ቀን ሲመጣ የለም፤ ዘጠኝ ወር ተቀምጣ አባክናዋለች። እያለቀሰች ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ቁጭ አለች፣ እናቷንም ከጀርባዋ አንሸራትታ ደረጃው ላይ አስቀመጠቻት።

"በመቀመጫችን እንወርዳለን እማ።"

"በመቀመጫ ከሆነማ አንቺ ነሽ ጀማሪዋ" አለች እናቷ በፎጣው ውስጥ እያሳለች። "እኔ ስድስት ዓመት ተለማምጄዋለሁ።"

ወረዱ። አንድ ደረጃ፣ ቁጭ። አንድ ደረጃ፣ ቁጭ። ልጅ ከፊት ሆና የእናቷን እግሮች ታወርዳለች፤ እናት ፖስታውን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ በመዳፎቿ ራሷን ትገፋለች። ጭሱ እየወፈረ ሄደ። እናቷ "ስንት ቀረን?" ስትል "አርባ" አለቻት፤ ውሸቷን ነው፣ መቁጠር ካቆመች ቆይታለች። ትንሽ እንደወረዱ እናቷ መቀለዱን ተወች። ከዚያ ማሳሉን ተወች። እዚህ ላይ ነው ሐሞቷ የፈሰሰው።

"እማ! እማዬ አናግሪኝ!"

የእናቷ ጣቶች የልጇን ትከሻ ጫን አደረጉ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከጭሱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ፤ አባባና ምድር ቤት ሱቅ ያለው ፀጉር አስተካካይ። አስተካካዩ እናቲቱን አንስቶ በትከሻው ጥሎ ወረደ። አባባ ልጅቱን ብብቷን ይዘው አቆሟት። በዚያን ቀን ማን እንደሚያባርራት አልጠየቋትም።

እሳቱ ከቆጣሪው ሣጥን አላለፈም፣ ቶሎ ጠፋ። ጭሱ ግን እናቲቱ ደረት ገብቶ ነበርና በአስተካካዩ መኪና ልጇ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ወሰዷት። ኦክስጅን አደረጉላት። ተረኛው ሐኪም ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? እኚያው የልብ ሐኪም፣ በልጅቱ አፍ ሦስት ጊዜ ስልክ የደወሉት።

"ሦስት ወር ሙሉ የት ጠፋችሁ?" አሉ ካርዱን እያገላበጡ።

እናቷ የኦክስጅኑን ጭምብል ከአፏ አነሳች። "እርስዎ አይደሉም እንዴ ያዛወሩት?"

ራጅ አንሺዋ መሬት መሬት አየች። እናቷ ልጇን ረጅም ጊዜ ተመለከተቻት፣ ከዚያ ጭምብሉን መልሳ አደረገች። ሐኪሙ ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ፖስታውን ከፈቱ፣ የድሮውን የደረት ራጅ ሊያዩ። ፊልሞቹን አንድ በአንድ ወደ መብራቱ ሲያነሱ አንዱ ላይ ቆሙ።

"ይሄን ጉልበት ማነው ያነሳው?"

እጇ ወደ ቀኝ ጉልበቷ ሄደ።

"ስም የለው፣ ቀን የለው። በሽተኛው ጉልበቱን አጥፎ ነው የቆመው፤ ከዚህ ላይ ምንም ነገር አይነበብም" አሉ ሐኪሙ ፊልሙን እያዟዟሩ። "አንቺ በሌለሽበት ቀን የተነሳ መሆን አለበት። ብትኖሪማ አስደግመሽው ነበር።"

ቀና ብላ አየችው። ዘጠኝ ወር የሸሸችውን ፊልም በሰው እጅ ላይ አየችው። የታችኛው አጥንት ጠርዝ አንድ መስመር መሆን ሲገባው ሁለት ሆኗል፤ አንደኛው ወደ ላይ ወጥቶ ክፍተቱን ጋርዶታል። ክፍተቱ ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም። እንዲህ ያለ ፊልም ባየች ቁጥር "ይደገም!" እያለች ስንቱን ተለማማጅ አስለቅሳለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእሷ ነበር። እንዳይሰበር ብላ ጉልበቷን አጥፋ ቆመች፣ "አቋቋምሽን ልየው" ያለቻትን ጓደኛዋን ዝም አሰኘች፣ በአምስት ሰኮንድ ፈረደች።

"የኔ ነው ዶክተር" አለች። "ያስነሳሁትም እኔ፣ ጉልበቱም የኔ።"

በዚያው ዕለት ባልደረባዋ እንደገና አቆመቻት፤ አሁን በትእዛዝ፣ በስም፣ በቀን።

"ጉልበትሽን ቀጥ አድርጊ።"

"ቀጥ ብሏል።"

"አላለም። ወደ ኋላ ግፊው።"

"ይሰበራል" አለች፣ የአርባ ስድስት ዓመቷ ባለሙያ፣ እንደ ሕፃን።

"አይሰበርም። እዚሁ ነኝ።"

ዓይኗን ጨፍና ገፋችው። ስክሪኑ ላይ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ጥቁሩ ክፍተት ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ታየ። ባልደረባዋ "እዪው" ብትላት ለማየት ጊዜ ወሰደባት።

"ለዕድሜሽ ጤነኛ ነው" አሏት ሐኪሙ። "ሕመምና እብጠት የሌለበት ድምፅ ብቻውን በሽታ አይደለም። የጠፋው ጡንቻሽ ነው፤ ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው ጭን ነው።"

"ሩጫውስ?"

"በልክ የሚሮጥ ሰው ጉልበት ከተቀማጩ ቀድሞ ያልቃል የሚለውን ጥናቶቹ አይደግፉትም፤ እንዲያውም ወደ ተቃራኒው ያደላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ የቆየ ጉዳት ያለበት፣ ክብደት የጨመረ፣ እያመመው ችላ ብሎ የሚሮጥ ሰው ነው።" ቀና ብለው አዩዋት። "እናትሽ ሮጣ ታውቃለች?"

"አታውቅም" አለች። ይህን ቃል ከአፏ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር።

የእናቷን ክፍል በር ስትከፍት ከደረጃው የባሰ ፈራች።

"እማ፣ ዋሽቼሻለሁ።"

"አውቃለሁ" አለች እናቷ። "ሐኪም ሦስት ጊዜ አይደውልም። አንዴም አይደውል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

እናቷ የአልጋ ልብሱን ጫፍ እያፍተለተለች ቆየች።

"እኔም ዋሽቼሽ ነዋ። ሩጫ ጉልበት ይብላ አይብላ እኔ በምን አውቃለሁ? ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግተሽ ስትወጪ ያቺ አርባ ደቂቃ ነፍሴን ነው የምታወጣው። መኪና ቢገጭሽ፣ ወድቀሽ ብትቀሪ፣ ማን መጥቶ ይነግረኛል? ወንበሬ ላይ ሆኜ ሰዓቱን አያለሁ። እንዳትወጪ ብዬ ነው ያስፈራራሁሽ።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ስትተይው ደስ አለኝ። ስታነክሺ እያየሁ እንኳ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቤት ቀረችልኝ ብዬ።"

ልጅቱ ተናደደች። እውነቱን ለመናገር፣ ተነስታ በሩን ከኋላዋ አላትማ መውጣት አማራት። ከዚያ የእናቷን መዳፎች አየች፤ በሲሚንቶው ደረጃ ተልጠው ቀይ ሥጋ ሆነዋል። ተቀመጠች፣ አንዱን መዳፍ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ዘጠኝ ወር ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ አንዷ ሌላዋን እንዳታጣ ፈርተው፣ አንድም ቀን አልተነጋገሩበትም።

እናቷ ከሆስፒታል ስትወጣ አስተካካዩና አንድ ጎረቤት በወንበር ተሸክመው አራተኛ ፎቅ አደረሷት። ጠየቀቻቸው፤ በቃ፣ ጠየቀቻቸው። "ስድስት ዓመት አፍሽ የት ነበር?" አለ አስተካካዩ እያለከለከ።

ሁለት ወር ጭኗን ስታጠነክር ቆየች፤ ወንበር ይዞ መነሳት፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ደረጃ መውጣት። ጫማውን ከአልጋው ሥር ባወጣች ቀን እናቷ መስኮት ዳር ሆና መጋረጃውን ወደ ጎን አደረገች። በአዲሱ ስምምነታቸው መሠረት ሩቅ አትሄድም፤ ለጊዜው ሕንፃውን ነው የምትዞረው።

"ከፊት ስትሆኚ አይሻለሁ" አለች እናቷ። "ከጀርባ ስትሆኚስ?"

"አንድ ደቂቃ አይሞላም እማ።"

"እቆጥራለሁ። እስከ ሃምሳ።"

"ሃምሳ ቢያልፍስ?"

እናቷ የመጋረጃውን ጫፍ ጨበጠች።

አባባ በሩን ከፈቱላት። "ዛሬስ ማነው የሚያባርርሽ?" አሉ፣ የጥንቱን ጥያቄ። ጣቷን ወደ አራተኛው ፎቅ መስኮት ቀሰረች።

በመጀመሪያው ቀን ከሕንፃው ጀርባ ወጥታ ብቅ ያለችው ስልሳ ስምንት ላይ ነበር፤ ቀና ስትል የእናቷ እጅ መጋረጃውን ከዘንጉ ሊያወርደው ደርሷል። አሁን አርባ አራት ላይ ትደርሳለች። ጉልበቷ አንዳንድ ጠዋት፣ እዚያው ማንም በማያያት በኩል፣ ቀጭ ይላል፤ ልቧም አብሮ ድንግጥ ይላል። ግን አትቆምም። ላይ ቤት የምትቆጥር ሰው አለች።